ራሷን የሰደበች

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ባልቴት ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል?»

«ስግደት ነው ልጄ። የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ።»

«ምን አጥፍተው?»

«ሰው ሰድቤ።»

«ማንን?»

«ራሴን። ትንሽ ስሳሳት ‹አንቺ የማትረቢ› እላለሁ። አባ ‹ጎረቤትሽን እንዲህ ትያታለሽ?› አሉኝ። ‹ኧረ እንዴት ብዬ› አልኩ። ‹እሷንም አንቺንም የፈጠረ አንድ ነው› ብለው እንደ ማንኛውም ስድብ ስግደት አዘዙኝ።»

«ታዲያ ተዉት?»

«ትናንት ወጡ አርሮብኝ ስድቡ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት።»

«ለውጥ አዩበት?»

«ጉልበቴን ቢያመኝም ልቤን ቀለል ብሎታል።»

ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ለራሴ ያልኩት ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።