ዋስትናው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው

የምስክሩ ስም፦ ማንያዘዋል ሀይሉ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የቁፋሮ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ቤር ሼባ፣ ሽኩና ጊሜል፣ ምድር ቤት
ቀን፦ ሰኞ 13/2/2006 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ 8:20
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለችው፦ መርማሪ ኢላኒት ታየ

የምናገረው በራሴም ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ፣ ማንም ሳይጠራኝ በፈቃዴ መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

የሥራ ተቋራጩ ጓንጉል የአባቴ እህት ልጅ ነው። እኔ በ1991 ወደ እስራኤል ስመጣ እሱ ሰባት ዓመት ቀድሞኝ ነበር። ዕብራይስጥ ያውቃል፤ ሰው ያውቃል። በ2004 መጨረሻ ከኤመቅ ሳራ የፋብሪካዎች ሰፈር ወደ ከተማ በሚያስገባው አውራ ጎዳና ዳር የውሃ ቧንቧ የመቅበር ሥራ አገኘ። የመንገዱ ባለሥልጣን የባንክ ዋስትና አስያዘው። ዋስትናው ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት ይቆያል። በዓመቱ ውስጥ መሬቱ ከሰመጠ ባለሥልጣኑ ዋስትናውን ይወስዳል፤ ካልሰመጠ ይመልሳል። ባንኩ በበኩሉ የጓንጉልን ቤት በመያዣ ይዞ ሁለት ዋሶች ጠየቀው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣ። እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም። «ምን ይላል፣ አያ ጓንጉል?» አልኩት። «ዘመዴ ነው ይላል» አለኝ። ፈረምኩ። እምቢ ብል በለቅሶውም በሠርጉም ፊቴን የት አደርገው ነበር።

የእኔ ሥራ መጠቅጠቅ ነበር። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ አፈሩ በየንብርብሩ ይመለሳል፤ አንዱ ሳይጠቀጠቅ ሌላው አይጨመርም። የባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ የአፈሩን ጥንካሬ የት የት እንደሚለካ ጓንጉል አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በእነዚያ ቦታዎች ሰማያዊ ቀለም ነፋ። «ሰማያዊው ላይ ደህና አድርገህ ጠቅጥቅ፤ ሌላውን ዝናብ ይጠቀጥቀዋል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ። ማሽኑን የያዘው የእኔ እጅ እንደነበር ይጻፍልኝ። በ15/2/2005 ተለክቶ አለፈ፤ የዋስትናው ዓመት ከዚያ ቀን ጀመረ።

ሐሙስ 22/12/2005 ከጠዋቱ 6:10 ገደማ፣ ዝናብ ባባራበት፣ ታናሽ ወንድሜ አምባው በሞተር ብስክሌት ወደሚሠራበት ፋብሪካ ይሄድ ነበር። የጭነት መኪና ገፋውና ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣ። በመብራት ምሰሶ 15 እና 16 መካከል መሬቱ የፊት ጎማውን ዋጠው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ጓንጉል ጉድጓዱን በዚያው ዕለት ፖሊስ ሳያየው ደፈነ። ከዚያ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። «ፈጥኜ ነበር ይበል፤ ለሁላችንም ይሻላል» አለኝ። ቀጥሎም «አምባው ድሮም ከበቅሎ ይወድቅ ነበር» ብሎ ሳቀ። አምባው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እንጂ አልተኛም። በማግስቱ ጓንጉል ለፖሊስ በሰጠው ቃል መንገዱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የነጂው ነው ብሏል።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ተብዬ ተጠይቄ፦ ያኔ ብናገር ኖሮ ማሽን አምጥቶ በሳምንት ያስተካክለው ነበር። ዋስትናው ይመለስለት ነበር። እኔ እንዲስተካከል አልፈለግኩም። ጊዜ እንዳይተርፈው ፈለግኩ። ቀን ቆጠርኩ። በየንጋቱ እየሄድኩ ምሰሶ 14 አጠገብ ቆምኩ። እየጠበቅኩት ይሁን እያደባሁበት አላውቅም።

እሑድ 5/2 ተማሪዎች የጫነች ሚኒባስ ጎማዋ ተንፍሶ ምሰሶ 16 ላይ ጠርዙን ይዛ ቆመች። ልጆቹ ወረዱ። አልጮህኩም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጎማው ተቀይሮ ሄዱ፤ መሬቱ ቻላቸው። በሰው እግር እየተጫወትኩ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም አልመጣሁም። ስምንት ቀን ጨመርኩ።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ ራሞት ሰፈር፣ ጓንጉል ቤት ነበርኩ። «ረቡዕ ወረቀቱ ይመለሳል፤ አንተም ከፊርማህ ትፈታለህ። ደስ አይልህም?» አለኝ። «ደስ ይለኛል፣ አያ ጓንጉል» አልኩት። ጉንጩን ስሜ ወጣሁ።

ያልተጠቀጠቀው ከምሰሶ 14 እስከ 17 እና ከ22 እስከ 26፣ በሰማያዊዎቹ ምልክቶች መካከል ነው። አካፋ በእግር ሳይረገጥ ይገባል። ከረቡዕ በፊት ይቆፈር። ራሴ ሄጄ አሳያለሁ።

ዋስትናው ከተወሰደ ባንኩ ከጓንጉል ያጣውን ከአንተ እንደሚጠይቅ፣ ቤትህንም ልታጣ እንደምትችል ታውቃለህ ወይ ተብዬ፦ አውቃለሁ። የእሱ ቤት ይሂድ እንጂ የእኔም ይከተለው።

አምባው ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የሚኖረው እኔ ቤት ነው። ነግረኸዋል ወይ ተብዬ፦ አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ «ያንን ቦታ ማን ነው የጠቀጠቀው፣ ወንድምዬ?» ብሎ ጠይቆኛል። አላስታውስም አልኩት።

ጓንጉል ማን ተናገረ ብሎ ሲጠይቅ ስሜ እንዲነገረው እፈልጋለሁ። ለእኔ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ወደ ቤቴ እንዳይላክ እለምናለሁ። በየቀኑ በምርኩዝ ወጥቶ የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍተው አምባው ነው። እሱ ዕብራይስጥ ያነባል።

ይህ ወረቀት ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲነበብልኝ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ነው፤ እውነት ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ማንያዘዋል ሀይሉ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ኢላኒት ታየ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 10:05