ጋሽ ማስመሪያ የጻፉት ክስ

ጋሽ ማስመሪያ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት የሄዱት የሰፈራቸው ቧንቧ ፈንድቶ ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው የሚሰማቸው ጆሮ በማጣታቸው ነበር። «ማስመሪያ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ካርታ ሲነድፉ ከማስመሪያቸው ተለይተው አያውቁምና። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና እርሳስ ከጨበጡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ለምን ተዉት ብሎ የጠየቃቸው ሰው ካለ «ዓይኔ ደከመ» ይላሉ።

በኮሪደሩ ሲያልፉ ገርበብ ባለ በር በኩል የእህታቸውን ልጅ አዩ። ሥራዋ የሕዝቡን አቤቱታ በስልክ መቀበል ነው። በዚያ ሰዓት ግን ስልኩን ዘግታ ወረቀት ላይ ትንንሽ ቅስቶች ትደረድር ነበር፤ ቅስት፣ በውስጡ ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ቅስት። የአዛውንቱ ደም ፈላ።

«እኛ በውሃ ስንዋኝ አንቺ ሥዕል ትስያለሽ?»

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ። የዕረፍት ሰዓቴ ነው።»

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ። ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው? ቤት ነው? መንገድ ነው? መስመር የሚሰመረው ለቁም ነገር ነው።»

«የሚደጋገም ቅርጽ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሰው ሰድቦኛል፤ ቧንቧውን እኔ ያፈነዳሁት ይመስል እናቴን ሳይቀር አንስተዋል። የአንዱ ድምፅ እንዲያውም የእርስዎን ይመስላል።»

ጋሽ ማስመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድሮ እኔም መልሼ እሳደብ ነበር» አለች ልጅቱ። «አሁን አስር ደቂቃ እንዲህ ስሠራ ንዴቴ ይበርድልኛል፤ ቀጥሎ የሚደውለውን ሰው ችግር በደንብ እሰማለሁ። መነኩሴውም ቆቡን ሲሰፋ ልቡ አርፎ ይሆናል እኮ።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ሰው ስድብ ሲጠግብ ውሎ «ቻለው» ይባላል፤ አስር ደቂቃ ሲያርፍ ግን «ሰነፍ» ይባላል። ይህ ሊያናድደን ይገባ ነበር። ጋሽ ማስመሪያን ያናደዳቸው ግን ቅስቶቹ ነበሩ።

«አለቃሽ እኔ ሥራ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁኑኑ ክስ እጽፋለሁ፤ ከዚህ ወንበር ትነሻለሽ።»

ከጠረጴዛዋ ላይ እስክሪብቶ አነሱ። ገና «ለ» ብለው ሲጀምሩ እጃቸው ተርገፈገፈና ፊደሉ ተንጋደደ። ወረቀቱን ጨምድደው ጣሉት። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ልጅቱ አየች፤ እሳቸውም ማየቷን አወቁና ፊታቸው በሐፍረት ቀላ።

«አጎቴ፣» አለች ዝግ ብላ፣ «መጀመሪያ ይህን ይሞክሩት። ከዚያም በኋላ ጥፋተኛ ነሽ ካሉኝ ክሱን ይጻፉ። ለአለቃዬ የማደርሰው እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው ማስመሪያ አምጪ። ማጥፊያም።»

«ሁለቱም አያስፈልጉም።»

«ያለ ማጥፊያ? ስህተቱስ?»

«ይድገሙት። አንዴ የተንጋደደ መስመር ስህተት ይመስላል፤ ሃያ ጊዜ ሲደገም ንድፍ ይሆናል። ብቻ አይቸኩሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

እያጉረመረሙ አንድ መስመር ሳቡ። መስመሩ እንደ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ እሱኑ የመሰለ ሌላ ሳቡ፤ ደግሞ ሌላ። ቧንቧውንም አለቃውንም ረስተው የሚቀጥለው መስመር የት እንደሚያርፍ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። ወረቀቱ ግማሽ ሲሞላ ቀና አሉ። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ንዴቱ ግን ለቅቋቸው ነበር።

«ዓይኔ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ካልሳብኩ ብዬ በኩራት ሦስት ዓመት ተቀጣሁ።»

ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ሳቡ። ንዴታቸው ተመልሷል፤ አድራሻውን ግን ቀይሯል። ጊዜ ወስደው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ለአለቃው። ሠራተኞችህ ቀኑን ሙሉ ስድብ ሲጠግቡ ዝም ብለህ ማየትህ ነውር ነው። ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ጠዋትም ከሰዓትም አስር አስር ደቂቃ ስጣቸው። ቅርጽ እየደጋገመ የሚስል ሰው ትንፋሹ ይረጋል፣ ሐሳቡ ይሰበሰባል፣ ለጠየቀው ሁሉ በትዕግሥት ይመልሳል። ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌም ይችለዋል። ቧንቧውም ዛሬውኑ ይጠገን።»

ልጅቱ የሚወላገዱትን ፊደላት አየች። «አጎቴ፣ በንጹሕ ልገልብጥልዎት?»

«ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«እንግዲያው እንዳለ ይሂድ። በገዛ እጄ መጻፌን ይወቅ።»