ለሜዲካል ዳይሬክተራችን የያዝኩላቸው ቀጠሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሜዲካል ዳይሬክተራችንን ዶክተር አብርሃን ደግሞ፣ በጡረታዬ ከእኔ በላይ ስለተደሰቱ ለብቻ አመሰግናለሁ። የሸለማችሁኝ ጋቢም ያምራል።

ቅድም እሳቸው ስለ እኔ «ዶክተር እጸገነት ቀጥተኛ ሰው ናት» ሲሉ አዳራሹ ለምን ሳቀ? ማለቴ፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ያስወጡኝ ለዚሁ ቀጥተኛነቴ አይደል? ይቅር ብላ ትሄዳለች ብላችሁ ከነበረ፣ ተሳስታችኋል።

ለአዲሶቹ ላስረዳ። ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን የተኙት አቶ ተስፋማርያም፣ አምና ጎተራ ላይ መኪና ከገጫቸው ወዲህ ራሳቸውን አያውቁም። የሚተነፍስላቸው ማሽን ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ እንደማይነቁ ሁላችንም ተስማማን። ልጃቸው ሃበን ግን ዛሬም «እየተሻላቸው ነው» ትባላለች። አባቴ ነቅቶ ይመርቀኝ ብላ ሠርጓን ደጋግማ አራዝማለች።

«ይነገራት» አልኩ።

«እጹ፣ አንቺ መርዶ ነጋሪ መሆን ያምርሻል!» አሉኝ ዶክተር አብርሃ።

«ሰውየው እኮ አልሞተም። መርዶ ምን አመጣው?»

«ካልሞተ ታዲያ ምን ልንነግራት ነው?»

በቃ፣ ስብሰባው በዚሁ ተዘጋ።

ማሽኑ ይቀጥል ወይስ ይቁም? እኔ ብቻዬን አልወስንም። አባቷ ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር የምታውቀው ሃበን ናት። እሷን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ እውነቱን መንገር ሊኖርብን ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ እንኳ ነዋሪው ተነግሮታል፤ ቀኑ ቢያጥርም።

ከዚያ መመሪያ ተላለፈ፦ ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገረው ሜዲካል ዳይሬክተሩ ብቻ ነው።

ዶክተር፣ መመሪያዎን እስከ ዛሬ አክብሬያለሁ። ለሃበን ስለ ሕመሙ ትንፍሽ አላልኩም። «ዶክተር አብርሃ ያለውን ሁሉ ሳይደብቁ ይነግሩሻል፤ ብቻሽን አትምጪ» ብቻ ነው ያልኳት። ይኸው አሁን ቢሮዎ ተቀምጣለች። አጎቶቿና የንስሐ አባቷም አብረዋት ናቸው። እጮኛዋ ቆሟል፤ ወንበር አንሶ።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበሉ። ሃበንን አምላክ ያጽናት። እናንተ ወጣቶች፣ የሕመምተኛ ቤተሰብ ትክ ብሎ ሲያያችሁ ዓይናችሁን የማትሰብሩ ያድርጋችሁ። ለእርስዎ ዶክተር፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እንደ ሰው አልጋ የያዙ ቀን ደግሞ፣ ልጆችዎን የሚያናግራቸው እኔን የመሰለ ሐኪም ይሁን። አሜን በሉ እንጂ!

በሉ ይነሱ፣ ሰው አያስጠብቁ። እርስዎ ሳይመለሱ ኬኩን አንቆርስም።