በቀን ሃያ ጠብታ አዮዲን

እኛ ልጆች ሳለን በእኛ አገር እንቅርት በሽታ አልነበረም፣ እንደ አፍንጫ እንደ ጆሮ ነበር። እናቴ ነበረባት፣ አክስቴ ነበረባት፣ የጎረቤታችን ሚስትም ነበረባት፣ እና ሴት ልጅ ገና ከፍ ስትል አንገቷን ትነቀሳለች፣ እንቅርቱን ይከለክላል ተብሎ። ይኸው የእኔ፣ እዩት፣ ሦስት መስመር። ከለከለ? አልከለከለም። ጨዋችን አዮዲን እንደሌለው ማን ነግሮን።

ታዲያ ልጄ እዚህ ውጭ አገር ካስመጣኝ በኋላ ዌስትውድ የሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ መንከባከብ ጀመርኩ። ማልበስ ነው፣ ማብላት ነው፣ በየጠዋቱ ደግሞ ጢሙን መላጨት ነው። በድሮው ምላጭ ካልሆነ አይወድም።

አንድ ቅዳሜ የእኛ ሰዎች ሱቅ ያለበት ፌርፋክስ ላይ በርበሬ ስገዛ ጓደኛዬ አልማዝ አንገቴን ነካ አድርጋ "ወርቄ፣ ይሄ ነገር አድጓል" አለችኝ። አዮዲን አጥሮሽ ነው፣ በጠብታ ይሸጣል አለችና ሌላ ሱቅ ወስዳ አስገዛችኝ። ጠርሙሱ ላይ በቀን አንድ ጠብታ ይላል። እኔ ምን አልኩ፣ ይሄ እዚህ ለተወለዱት ነው፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቀረብኝ አለ፣ እና ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር አደረግኩት።

ታዲያ ሳምንታት አለፉና ቀጠንኩ። ቤተ ክርስቲያን ያየኝ ሁሉ አማረብሽ ይለኛል፣ እኔም ጾሙ ነው እላለሁ። ልቤ ግን ቁጭ ብዬም ደረጃ እንደወጣ ሰው ይመታል። ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት ምላጩን ጉሮሮው ላይ ላሳርፍ ስል ሽማግሌው እጄን ያዘ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረደው። ሴት ልጁ አየች። ሐኪም ታይተሽ እጅሽ ካልረጋ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ ልክ ነበረች። እኔ ግን ያለዚያ ሥራ የልጄ ሸክም ነኝ።

ሐኪሙ መድኃኒት ትወስጃለሽ ሲለኝ አልወስድም አልኩ። ቫይታሚን ምናምንስ? እሱንም አልወስድም። ደሜ ተመረመረ፣ እና አንገትሽ ላይ ያለው ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው ብሎ ለምርመራ ቀጠረኝ። ትንሽ አዮዲን ሰጥተው ዕጢው እንዴት እንደሚስበው በመሣሪያ ያያሉ።

በቀጠሮዬ ቀን ዳውንታውን ወዳለው ሆስፒታል ስሄድ መሣሪያው ጋ ያለችው ልጅ የእኛ አገር ልጅ ሆነች። እዚህ ያደገ ልጅ መቼም አንቱ አያውቅም።

"እትዬ፣ አዮዲን ያለበት ነገር ወስደሻል?"

"እንዴታ፣ በቀን ሃያ ጠብታ" ብዬ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁላት። የምትደሰት መስሎኝ እኮ ነው።

ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። "ዶክተሩ መድኃኒት ትወስጃለሽ ብሎ አልጠየቀሽም?"

"ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? ከሻምፖ ጎን እኮ ነው የሚሸጠው።"

"ኦኬ" አለች፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። "ሶ እትዬ፣ ዛሬ ስካን የለም። ዕጢሽ በጠብታሽ ጠግቧል፣ የእኛን አዮዲን አይስብም።"

ለካ ብዙ ዘመን አዮዲን አጥቶ ያበጠ ዕጢ በአንዴ ሲጎርፍለት ልክ ያጣል፣ ማቆሚያ የለውም። ሐኪሙ ጠብታውን አስቆመኝ፣ ለልቤ ክኒን ሰጠኝ፣ ምርመራውንም በሳምንታት ገፋው። እናንተ ልጆች፣ አዮዲን ክፉ ነው እንዳትሉ። እናቴ በጨው ውስጥ ያቺን ትንሿን ብታገኝ ኖሮ አንገቷ ባላበጠ፣ ያረገዘች ሴትም ለጽንሷ ያስፈልጋታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልኩን ማንንም አልጠየቅኩም፣ ሲጠይቁኝም አልተናገርኩም። ልደብቅ ብዬ አይደለም፣ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ታዲያ ሁለት ወር ያለ ሥራ ቆየሁ። ስመለስ ሌላ ሴት ቀጥረዋል፣ ሽማግሌው ግን ምላጭ አላስነካትም፣ ጢሙ እስከዚህ ደርሷል። ሴት ልጁ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እሱ "እጅሽን" አለኝ። ዘረጋሁለት። አየው፣ ትራፊክ መንጃ ፈቃድ እንደሚያይ አገላብጦ አየው፣ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ ወንበሩን ተደገፈና አገጩን ቀና አደረገልኝ።