በእርሳስ የተከበቡት አሥራ ሦስት ቤቶች፦ የመምህር ወንዳወቅ ገብረ ኪዳን ዜና ሕይወት

ካህናት አባቶች፣ ለቅሶ የደረሳችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ እኔ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ይግዛው ነኝ። መምህር ወንዳወቅ በካርታ የሰው መሬት ሊያስወስዱ ነበር የሚለው ሹክሹክታ እስከዚህ መቃብር ተከትሏቸው መጥቷልና፣ ልጆቻቸው ይህን ይዘው ወደ ቤት እንዳይመለሱ ያረጋገጥሁትን ብቻ አነባለሁ።

መምህር ወንዳወቅ ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና በ1942 ዓ.ም. ግድም በጋዝጊብላ ተወለዱ። ግድም ያልሁት የተጻፈ ስላላገኘሁ ነው። ዳዊት ከአባታቸው ዘንድ ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በሰቆጣ ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከተመረቁ በኋላ እስከ ጡረታቸው ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1969 ዓ.ም. ከእኅቴ ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ተማሪዎቻቸውን ኮረብታ ላይ አውጥተው ካርታውን ከአገሩ ጋር ያስተያዩ ነበር። ቡናማዎቹ መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ፣ ወደ ዳገቱ ሾለው ሲታጠፉ ደግሞ የጎርፍ መውረጃ መሆናቸውን፤ ጥቁሮቹ ነጥቦች ቤቶች መሆናቸውንና ሰዉ ሜዳውን ለእርሻ ትቶ በተረተሩ ጫፍ የሚሰፍርበትን ምክንያት ያስረዱ ነበር። የየሸለቆውን ስም ከሽማግሌዎች በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ እየጠየቁ ሲጽፉ ጎረቤታችን ወይዘሮ ባንቺ፣ ይህ ሰው የገደሉን ስም የሚጠይቀው ሊድረው ነው ወይ ብለው ሰውን አሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ስም ከተመዘገበ በኋላ መሬት ሲወሰድ በዕድሜዬ አይቻለሁና።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት፣ መሬት እንደገና ሊከፋፈል ነው እየተባለ በሚወራበት ሰሞን፣ ከጠረጴዛቸው ላይ ካርታው ተዘርግቶ አየሁ። በፃግብጂ ከአንድ ወንዝ ዳር አዲስ የተሠሩ፣ በካርታው ላይ የሌሉ አሥራ ሦስት ቤቶችን በእጃቸው ጨምረው፣ በእርሳስ ከብበው፣ ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ሰባተኛው የልጄ የዓይናዲስ ቤት ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ እፈራለሁ። እሳቸውን ሳልጠይቅ፣ የሰው መሬት ሊያስወስዱ ነው ብዬ ለቀበሌ ሹሞች ነገርሁ፤ በማግስቱም ተያዙ።

በታሰሩ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቤቶቹ በላይ የሚገናኙት ሁለት መውረጃዎች ሞልተው ስምንት ቤት ጠረጉ፤ አረጋዊው አቶ አሥራተ ማርያም ሞቱ። ልጄን ከነልጇ ጎረቤት ጎትቶ አወጣት። መምህር ሲፈቱ ያስረዱት ይህንኑ ነበር፤ የከበቧቸው ቤቶች መስመሮቹ ሾለው ከሚገናኙበት በታች በመሆናቸው፣ በተያዙበት በዚያው ሳምንት ወርደው ነዋሪውን ሊያስነሡ አስበው ነበር። ሰዉ ግን ጎርፉን አስቀድሞ እንዴት አወቀ እያለ ባሰበት፤ ከእሳቸው ጋር መንገድ የሚሄድም ጠፋ። ከአሥራ ሦስቱ አባወራ አንድም መሬት የተወሰደበት የለም፤ ይህን ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ።

ማን እንደጠቆመባቸው ማወቃቸውን አላውቅም። በየፋሲካው ከአጠገባቸው ያስቀምጡኝ ስለነበር፣ ያወቁ እየመሰለኝ ዓይናቸውን ማየት እፈራ ነበር። እኅቴም ይህን የምትሰማው አሁን ነው።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻሽወርቅን፣ ልጆቻቸውን አንዷለምን፣ አመተ ሥላሴንና መስታወትን፣ አራት የልጅ ልጆችንም ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጎርፍ በማይደርስበት ማረፊያ ያኑርልን። የሻሽዬ፣ ዛሬ ከለቅሶ ቤትሽ ብትከለክዪኝ ከደጅ እቀመጣለሁ። እናንተም ስታወሩ የእኔን ስም ጥሩ፤ የእሳቸውን ተዉላቸው።