የኛ ቤት ሆድ ብረት ነው

«ምነው እስከዳር፣ እዚህ ፀዳ ከተማ ብርዱ ዛሬስ አጥንት ይሰብራል! ጠጋ በይ፣ ይሄ መስኮት አይዘጋም። ልጆቹ ደህና ናቸው? ጤፉስ ገባላችሁ? ተመስገን ነው…»

የዓለምወርቅ ይህን ያለችው ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሆና ነው። ከፊቷ ጋቢ የደረበ ሰው ተቀምጧል። ጀርባውን አይታ ለየችው፦ ክረምት ላይ የቀበሯት የባልንጀራዋ የጥሩነሽ ወንድም ነው። በለቅሶው ላይ «እህቴ ሐኪም ጠልታ ሞተች» ሲል በጆሮዋ ሰምታው፣ ለሬሳው ክብር ብላ ዝም ብላ ነበር። ዛሬ ግን ሬሳ የለም። ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«አንድ ሸጋ ሰው አለ እስከዳር… ስሙን ተይው፣ ምስጋና አይወድም። አምና ሐኪሞች መጥተው ደም ሲወስዱ ትዝ ይልሻል? ደሙ ካንሰር አለብሽ የለብሽም አይልም፤ ጨጓራሽ ሳስቶ እንደሆን ይጠቁማል፣ ማን ቀድሞ በአፍ በሚገባው ካሜራ መታየት እንዳለበት ይለያል። ይህ ሰው ደግሞ ጨጓራዋ ሌት ተቀን የሚያቃጥላት እህት ነበረችው። ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመ። ‹የኛ ቤት ሆድ ብረት ነው! ደምሽን ለማን ልትሰጪ ነው? ግቢ!› አላት። እንዴት ያለ ፍቅር ነው! ለእህቱ ጠብታ ደም የሚሳሳ ወንድም ስንቷ አላት? ገባች። ደሟም ሳይነካ፣ እንደ ሞላ… ይዛው አፈር ገባች።

«ኋላ ትሕትናውን ብታይ! አርባዋ ሳይወጣ ከተማ ሄዶ ክንዱን ዘረጋ። ምን ያድርግ? ለሰው የከለከሉትን ቀምሰው ካላዩት በምን ይፈርዱታል? ደሙ ተናገረ፣ በካሜራ አዩት፣ ካንሰሩን ገና ጥንስስ ሳለ ቆርጠው አወጡለት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል ነበር… ለካ ሆድ ምንም አያውቅም፣ የሚያውቀው ደም ነው! ብረትም ይዝጋል ማለት ነው? እኔ ምን አውቄ።»

የፊተኛው ሰው አንገት ጋቢው ውስጥ ገባ። ሊነሳ ቃጣው፤ መተላለፊያው ግን በሰውና በማዳበሪያ ከረጢት ጢም ብሏል። ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሁንማ ሰንበቴ ላይ መካሪ ሆኗል። ‹ወገኖቼ፣ ቀድማችሁ ተመርመሩ! እህቴን ያየ ይማር፤ ሐኪም ስትሸሽ ቀረች› ይላል። ልግስናውን አየሽ? ሟች ለወንድሟ ስታወርስ አይተናል፤ ወንድም የገዛ ቃሉን ለሟች ሲያወርስ ግን… እንጃ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ይሉ የለም? እሱም ቀድሞ ደቆሳት፣ መመጠኑ ለራሱ ሲሆን መጣለት።»

እስከዳር ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። የዓለምወርቅ ግን አልሳቀችም። ባልንጀራዋ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ውሃ እንኳ አልወርድ ሲላት ያጠጣቻት እሷ ነበረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምጿ ግን እንደ ማር ለሰለሰ።

«እንግዲህ አሜን በይ እስከዳር። ያን ሸጋ ሰው እግዜር ጤናውን ይስጠው። እህቱ ያልኖረችውን ዕድሜ ሁሉ ለሱ ይጨምርለት። እንደገና የታመመ ዕለትም… ልክ እንደ ራሱ ያለ ወንድም አያሳጣው።»