ከኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ሥር የበቀለው ማንጎ

ባለቤቴ ጫልቱ በአራስነቷ ሞተች። ለልጃችን የማሳያት የእናቷ ፎቶ እንኳ የለኝም።

ነፍሰ ጡር ሳለች ከነቀምቴ ስንመለስ፣ ጉደር ሳንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ጫልቱ የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማንጎ በላችና ፍሬውን እግሯ ሥር ጣለችው። “መንገዱን አታቆሽሺ” ብላት፣ “የመንገድ ዘበኛ ሆንክ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው በዚያው ሳልፍ ድንጋዩ ሥር ጉልበት የሚደርስ ማንጎ በቅሎ አየሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች የመንገዱን ዳር ይመነጥራሉ፤ አንድ ሽማግሌ ገጀራ ይዘው ወደ ማንጎው ተጠግተዋል። “ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩና ወርጄ ሮጥኩ።

“ኦቦ፣ እባክዎ አይቁረጡት!”

“ባለቤት የሌለው ሁሉ ይመንጠር ተብለናል። ማን ተከለው?”

“ሚስቴ።”

“እዚህ ብርድ ነው፣ ማንጎ አያፈራም። ምነው ሳትጠይቅ ተከለች?”

“ሞታለች፣ ኦቦ።”

ሽማግሌው ማንጎውን አዩ። “ባለቤት ያለው ነገር በአጥሩ ይታወቃል” አሉና በዚያው ገጀራ እሾህ እየቆረጡ ያቀብሉኝ ጀመር። ዙሪያውን አጠርኩት። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄዷል። አምቦ ድረስ በእግሬ ለመሄድ ከመነሳቴ በፊት፣ እሷ የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ።